ሃይማኖት የሚነካ ኮሜዲን አትፍሩት፦ ለቴአትር ቤቶቻችን ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባና ለክልል ከተሞች ቴአትር ቤቶች ኃላፊዎች፣ በተለይም የሚቀርብላችሁን ተውኔት አንብባችሁ «ይሠራ» ወይም «ይቅር» ለምትሉ ባለሙያዎች፦

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመለመን ነው። ስለ እምነት፣ ስለ ጭፍን ጥላቻና ስለ መቀባበል የሚናገር ኮሜዲ ወደ መድረክ አውጡ። ለበዓል ፕሮግራም ማሟያ የሚሆን አጭር ጭውውት ማለቴ አይደለም። በደንብ የተጠና፣ ሰው ተሰልፎ ቲኬት የሚቆርጥለት ሙሉ ቴአትር ነው የምለው።

አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ተውኔት ጽፏል። የወሎ ልጅ ነው። ታሪኩ የሰርግ ታሪክ ነው፤ ሙሽራው ከክርስቲያን ቤት፣ ሙሽሪት ከሙስሊም ቤት። ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ አያት ሐጂ፣ የልጅ ልጅ ዲያቆን የሆነበትን ቤተሰብ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ። ለሰርጉ ሁለት በሬ ይታረዳል። አንዱ በስመ አብ ተብሎ፣ አንዱ ቢስሚላህ ተብሎ። ወጡም ለየብቻ ይሠራል። እንዳይደባለቅ ተብሎ በክርስቲያኑ ድስቶች ጆሮ ላይ ቀይ ክር፣ በሙስሊሙ ድስቶች ጆሮ ላይ አረንጓዴ ክር ይታሰራል። ሌሊት ላይ ለሥራ የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ክሮቹ በእሳት እንዳይያዙ ብላ ሁሉንም ፈትታ ጠቅልላ ታስቀምጣለች። ደግ የሠራች መስሏታል።

ሲነጋ የትኛው ድስት የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። እንግዳው በር ላይ ደርሷል። ሁለቱ ወገኖች ተፋጠጡ። ያኔ ከሙሽራው አጎቶች አንዱ ይነሳሉ። «ይሄማ ምን ያከራክራል! የኛ ሥጋ ሽታው ራሱ ይናገራል» ይላሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከድስት ድስት እየዞሩ ያሸታሉ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ «ይኸው! ይሄ የኛ ነው፤ ብምል አልሳሳትም» ይላሉ። ክዳኑ ሲነሳ ሽሮ ነው።

ይህን ትዕይንት ጓደኛዬ ቤት ውስጥ ለጥቂት ሰዎች ሲያነብልን መስቀል ያንጠለጠለችውም፣ ሂጃብ የለበሰችውም እኩል ነበር የሚስቁት። አንዷ እንባዋን እየጠረገች «አጎቴን ከየት አገኘኸው?» አለችው። ሌላዋም ያንኑ አለችው። ሁለቱም ቤት ያ አጎት አለ ማለት ነው።

ጓደኛዬ ጽሑፉን ለአንድ ቴአትር ቤት አስገባ። ብዙ ከቆየ በኋላ መልስ መጣ። «ጽሑፉ ቆንጆ ነው። ግን ሃይማኖት ይነካል። ጊዜው አይደለም» ተባለ። የትኛው ቴአትር ቤት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ሌላም ቤት ቢያስገባ ይኸው መልስ ይጠብቀው ነበር ብዬ ስለማስብ ነው ለሁላችሁም የምጽፈው።

ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ከሜዳ የመጣ ፍርሃት አይደለም። በሐምሌ 2010 መጨረሻ ጅግጅጋና አካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናት ተገድለዋል። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል። በ2014 ጎንደር ላይ ለቀብር የወጡ ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ባለ አገር «ሃይማኖት አትንኩ» የሚል ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከእነዚህ በየትኛው ነው ቴአትር እሳቱን የለኮሰው? እሳቱን የሚለኩሰው በየጓዳው የሚወራው፣ ማንም ፊት ለፊት አውጥቶ የማይመረምረው ወሬ ነው። «እነሱ እንዲህ ናቸው፣ መልካቸው ያስታውቃል» የሚለው ወሬ። ኮሜዲ ደግሞ የሚችለው ዋና ሥራ ያንን ወሬ መብራት ስር አምጥቶ ማሳየት ነው።

ለዚህ የማውቀው ምርጥ ምሳሌ ከጀርመን ነው። በፈረንጆች 1749 ጎትሆልድ ኤፍሬም ሌሲንግ የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ባለ አንድ ገቢር ኮሜዲ ጻፈ። ርዕሱ «አይሁዶቹ» ይባላል። ሌሲንግ የሉተራን ቄስ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡም ቄስ እንዲሆን ነበር የሚፈልገው። በዚያ ዘመን የጀርመን አይሁድ እንደ ልብ የትም መኖር አይፈቀድላቸውም። ከተማ ለመግባት ልዩ ቀረጥ የሚከፍሉበት ቦታ ብዙ ነበር። መድረክ ላይ አይሁዳዊ ከታየም አራጣ አበዳሪ ወይም አጭበርባሪ ሆኖ ነው።

የሌሲንግ ታሪክ እንዲህ ነው። አንድ ባላባት መንገድ ላይ ጺማቸውን ያንዠረገጉ ወንበዴዎች ይጥሉበታል። አንድ የማይታወቅ መንገደኛ ደርሶ ያድነዋል። ባላባቱ አዳኙን ቤቱ ወስዶ ያስተናግደዋል። ወንበዴዎቹ ጺማም ስለነበሩ አይሁድ ናቸው ተብሎ ተደምድሟል፤ ማንም አልተጠራጠረም። የባላባቱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ አይሁድን ያወግዛል። ገበያ ላይ እንዴት ኪስ እንደሚያወልቁ ለመንገደኛው እየተረከለት፣ እዚያው የራሱን የመንገደኛውን የብር ሱረት መያዣ ከኪሱ ይሰርቀዋል። ቆይቶ ያው ሥራ አስኪያጅ «አልሰረቅሁም» ብሎ ኪሱን ሲፈትሽ የውሸት ጺም ዱብ ይላል። ወንበዴው እሱ ራሱ ነበር።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የያዘኝ የባላባቱ ነገር ነው። ባላባቱ ክፉ ሰው አይደለም። ደግ ነው፣ ውለታ ያውቃል። ግን አይሁድን በመልካቸው አውቃለሁ ይላል፤ ተንኮላቸው ፊታቸው ላይ ተጽፏል ባይ ነው። ይህን የሚናገረው ከአዳኙ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ያንን ፊት እያየ ነው። ያንኑ ፊት ደግሞ ቅን፣ የተከበረ ሰው ፊት ነው እያለ ያደንቃል። በመጨረሻ ልጁንና ሀብቱን ሊሰጠው ይነሳል። መንገደኛው ያኔ ነው እኔ አይሁዳዊ ነኝ የሚለው።

አያችሁት? ይሄ ባላባት የጓደኛዬ ተውኔት አጎት ነው። አንዱ አሽትቼ አውቃለሁ ይላል፣ አንዱ መልክ አይቼ። ሁለቱም መጥፎ ሰዎች አይደሉም፤ ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ተመልካቹ የሚስቀው በእምነታቸው አይደለም። «እኔ እኮ አውቃለሁ» በሚለው እርግጠኝነታቸው ነው። ሌሲንግ ስለ አይሁድ ሃይማኖት አንድ የሚያስቅ ነገር አልጻፈም፤ ስለ ክርስትናም እንዲሁ። መጨረሻው ላይ ባላባቱ ሁሉም አይሁድ እንዳንተ ቢሆኑ እንዴት በተከበሩ ይላል። መንገደኛው ደግሞ ክርስቲያኖችም ሁሉ የእርስዎ ጠባይ ቢኖራቸው እንዴት በተወደዱ ነበር ብሎ ይመልስለታል። በጨዋ ቃል የተሰጠች መልስ ናት፤ ግን ታሳፍራለች። ሰርጉ አይደረግም። በሃይማኖት የተለያዩ ሰዎች በዚያ ዘመን መጋባት አይችሉም ነበር፣ ሌሲንግም ዋሽቶ አላጋባቸውም። እኔ ይህን ቅንነቱን በጣም ነው የምወድለት።

ተውኔቱ በ1754 ታተመ። አንድ ታዋቂ የጎቲንገን ምሁር፣ ዮሐን ዳቪድ ሚካኤሊስ፣ ሂስ ጻፈበት። እንዲህ ያለ ጨዋ አይሁዳዊ ይኖራል ማለት ይከብዳል የሚል ነበር ሐሳቡ። ሌሲንግ መልስ ሲሰጥ የአንድ ወጣት አይሁዳዊ ደብዳቤ አብሮ አወጣ። ደብዳቤው መናቃችን ሳያንስ ጨዋነት እንኳ ይነፈገን ወይ የሚል ምሬት ነው። ጸሐፊው ሞዘስ ሜንዴልሶን ነበር፤ በ14 ዓመቱ በእግሩ በርሊን የገባ የድሃ ልጅ፣ ኋላ በጀርመን ከተከበሩት ፈላስፎች አንዱ የሆነ። የሌሲንግም የዕድሜ ልክ ጓደኛ ሆነ። ሌሲንግ በ1779 «ናታን ጠቢቡ» የሚለውን ትልቁን ተውኔቱን ሲጽፍ ለናታን አርአያ የሆነው እሱ ነው ይባላል።

ስለ «ናታን» አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ምክንያቱም «ጊዜው አይደለም» ለሚለው መልስ ስላለው። ተውኔቱ ኢየሩሳሌም ላይ አይሁዳዊ ነጋዴን፣ ሱልጣን ሳላሃዲንንና ክርስቲያን ወታደርን ያገናኛል። ናዚዎች ከመድረክ አወረዱት። ጦርነቱ በግንቦት 1945 አለቀ። በርሊን ፍርስራሽ ነበረች፣ ሕዝቡ ዳቦ አልነበረውም። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ዶይቸስ ቴአተር ተመልሶ ሲከፈት መጀመሪያ የታየው «ናታን» ነው። ማንም ቢሆን «አሁን ጊዜው አይደለም» ማለት ይችል ነበር። እነሱ ጊዜው አሁን ነው አሉ።

ወደ እኛ ልመለስ። የሌሲንግን የውሸት ጺም ለመረዳት እኛ ማስተማሪያ አያስፈልገንም። ልጅ ሲታመም «ቡዳ በልቶት ነው» ሲባል ሰምተን ያደግን ነን። በላው የሚባለውስ ማን ነው? ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው። ማረሻ የሚሠራልን፣ እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የምትሠራልን፣ ጋቢ የሚሸምንልን ሰው «ሌሊት ጅብ ይሆናል» ተባለ። ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ይህን ስም ለዘመናት ተሸክመውታል። ላምህ ብትሞት፣ ልጅህ ቢያተኩሰው፣ ጠይቡ ዓይኑን ጥሎበት ነው። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ የተፈረደበት ሰው።

ታዲያ እነዚሁ ሰዎች በእግራቸው ሱዳን ደርሰው፣ ስንቱን ቀብረው፣ እስራኤል ሲገቡ ምን ጠበቃቸው? በፈረንጆች 1973 የሴፋርዲ (ከስፔንና ከምሥራቅ አገሮች የመጡት አይሁድ) ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው ወስነው ነበር። ያም ሆኖ ከመጡ በኋላ የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ለጥንቃቄ በሚል የመንጻት ሥርዓት እንዲፈጽሙ ጠየቃቸው። በፈረንጆች 1985 ኢየሩሳሌም ላይ ለረጅም ጊዜ ለተቃውሞ ተቀመጡ። እዚህ አይሁድ በመሆናቸው ተጠሉ፤ እዚያ አይሁድነታቸው ተጠረጠረ።

ከዚያ ማኅበረሰብ መሐል ግን አንድ ኮሜዲያን ወጣ፤ ዮሲ ቫሳ። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል የሄደ ነው። ከሻይ ቤን አታር ጋር የጻፈውን የአንድ ሰው ኮሜዲ ብቻውን መድረክ ላይ ወጥቶ ተጫወተው። ርዕሱም «በአማርኛ ሲሆን የበለጠ ያምራል» እንደማለት ነው። የእግር ጉዞውን፣ ሞቱን፣ አዲሱን አገር፣ የሰዉን ዓይን ሁሉ እያሳቀ ነገራቸው። ነጮቹ እስራኤላውያን በአዳራሽ ቁጭ ብለው ሰሙት። ኋላም በቴሌቪዥን የሠራው «ነብሱ» የተባለ ኮሜዲ፣ የኢትዮጵያዊ ትውልድ ያለው ባልና የአሽከናዚ (የአውሮፓ አይሁድ ዘር ያላት) ሚስት ታሪክ፣ በፈረንጆች 2018 በኮሜዲ ዘርፍ ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት አገኘ። በእኛው ልጅ፣ በእኛው ቁስል ነው ይህ የተሠራው። እኛም ስለ ቡዳ አንድ ሙሉ ኮሜዲ ብናይ ኖሮ ስንቱ አያቱ ቤት ገብቶ ባወራበት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሃይማኖትና ብሔር የሚነካ ቀልድ እኛ ጋ ጠፍቶ አያውቅም። ዩቲዩብ ሞልቶታል። ችግሩ የሚሳቅበት ሰው ማን እንደሆነ ነው። አነጋገሩ የተለየ ሰው ይሳቅበታል። የአለባበሷ፣ የጸሎቷ ዓይነት ይሳቅበታል። ጴንጤ ከሆነ እንዲህ ይንቀጠቀጣል፣ ሙስሊም ከሆነ እንዲህ ይናገራል እየተባለ ይቀለዳል። ያንን ማንም አይገመግመውም። በጥንቃቄ የተጻፈው፣ በደካማው ሳይሆን በፈራጁ የሚያስቀው ጽሑፍ ግን እናንተ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስትገመግሙ «ሃይማኖት ይነካል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ሰው የሚስቀው በማን ላይ ነው?» ብትሉ፣ ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ይበቃችኋል።

አማኙ ይቆጣል የምትሉ ከሆነም «ታርቲዩፍን» አስታውሱ። የፈረንሳዩ ጸሐፌ ተውኔት ሞልዬር በፈረንጆች ግንቦት 1664 ቬርሳይ ላይ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ፊት አሳየው። ጾመኛ መስሎ ሰው ቤት ገብቶ ቤቱንም ሚስቱንም ሊወስድ የሚያደባ አስመሳይ ታሪክ ነው። ወዲያው ታገደ። አንድ ካህን ሞልዬር በእሳት ይቃጠል ብሎ ጻፈ። በ1667 አሻሽሎ አቀረበው፤ ከአንድ ቀን በኋላ እንደገና ታገደ፣ የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስም ያየውንም ያነበበውንም እናወግዛለን አሉ። እስከ የካቲት 1669 ድረስ ታገለ። ሲፈቀድለት ሕዝቡ ጎረፈ። ሞልዬር ደጋግሞ ይል የነበረው እውነተኛውን አማኝ አልነካሁም፤ በእምነት ስም የሚነግደውን ነው የነካሁት ነው። ይህን ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶልናል። እና ዛሬ፣ በየአዳራሹ ሐሰተኛ ነቢይ ከምስኪን እናት የጆሮ ጌጥ በሚያስወልቅበት ጊዜ፣ «ታርቲዩፍ» በአማርኛ ቢታይ ማን ነው የሚቆጣው? ከሁሉ ቀድመው የሚያጨበጭቡት እውነተኞቹ አማኞች አይመስላችሁም?

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የሥነ ጥበብ ፈጠራ ነፃነትን ያረጋግጣል፣ ቅድመ ምርመራንም በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ስለዚህ የቀረው ድፍረት ነው። የአማርኛ ቴአትር ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በኮሜዲ ነው፤ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የአውሬዎች ኮሜዲ ነበር፣ እሱም ታግዷል። እገዳው አለፈ፤ ተውኔቱ ግን እስካሁን ይነሳል።

ጥንቃቄ አይደረግ አልልም። ካህንም፣ ሼኽም፣ ፓስተርም ይጠየቁ። ግን ፈቃድ ለመጠየቅ አይሁን፣ ለማወቅ ይሁን። ቡራኬው በትክክል እንዲባል፣ ሰላት በትክክል እንዲሰገድ፣ ልብሱ ቀልድ እንዳይሆን። ቅዱስ ነገር ለማሳቂያ አይዋል፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ሰው ግን፣ በቅዱሱ ነገር ስር ተጠልሎ ጎረቤቱን የሚንቅ ሰው፣ ይሳቅበት።

ለመጀመር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የሌሲንግ ኮሜዲ ባለ አንድ ገቢር ነው፤ ተዋንያኑም ጥቂት ናቸው፣ ቦታውም ከአንድ ባላባት ግቢ አይወጣም። በሳምንት መሐል፣ አዳራሹ ባዶ በሚውልበት ምሽት፣ በንባብ መድረክ ይጀመር። ጽሑፉ በእጅ ተይዞ፣ ያለ ዲኮር። ተመልካቹ ከሁሉም ወገን ይጠራ፤ ሲያልቅ መብራት ይብራና ይነጋገር። ሕዝቡ ካልፈለገው እዚያው ይቆማል። ከፈለገው ወደ ሙሉ ዝግጅት ይግባ። ቀጥሎ የራሳችንን አምጡ።

የጓደኛዬ ተውኔት አሁንም አለ። ካነበበልን በኋላ የሁለተኛውን ገቢር መጨረሻ አሻሽሎታል። በዚህ ወር ውስጥ እንደገና ሊያስገባ ነው፣ በዚህ ጊዜ ለአንድ ቴአትር ቤት ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም። እስከ መጨረሻው አንብቡት። ትከለክሉትም እንደሆነ «ሃይማኖት ይነካል» በምትል አንድ መስመር አትመልሱት፤ የትኛው ትዕይንት፣ የትኛው ቃል፣ ማንን እንደሚጎዳ ጻፉለት። ቁጭ ብሎ ያየዋል። ከፈቀዳችሁት ደግሞ የመጀመሪያው ቀን የፊት ወንበሮችን ለሰርግ ቤት እናቶች አስቀምጡ፤ ከሁለቱም ወገን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቴአትር ተመልካች